ፖስት ፒል፦ ከመዋጥሽ በፊት፣ ስትውጪና ከዋጥሽ በኋላ

ሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤቱን ስከፍት በር ላይ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ። የግፊት ኪኒናቸው ያለቀባቸው እማማ፣ ሌሊቱን ልጁ ሲያስል ያደረ አባት። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ስልኩን እየነካካ ተራውን ለሁሉም የሚለቅ አንድ ወጣት አይጠፋም። ቤቱ ባዶ እስኪሆን የቫይታሚን መደርደሪያ ሲያይ ይቆያል። ከዚያ ጠጋ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያቺ ኪኒን አለች?" ይላል።

"ያቺ" ፖስት ፒል ናት፤ ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተደረገ በኋላ እርግዝና እንዳይመጣ የምትዋጠው ኪኒን። ልጅቷ አብዛኛውን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች።

ከፍሎ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ "ዶክተር፣ አሁንም ይሠራል አይደል?" ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ግን ያንን ለማረም ጊዜ የለም። እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ "ስንት ሰዓት ሆነው?" እሱ በትክክል አያውቅም። "ወር አበባዋ መቼ ነበር? ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?" ስለው ጭራሽ ግራ ይገባዋል። የምታውቀው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ማዶ ናት።

ይህንን የምጽፈው ለማዶዋ ልጅ ነው። ስለዚህ አብዛኛው "አንቺ" እያለ ይሄዳል። ላንተም ከታች ቦታ አለህ፣ አትሂድ።

ኪኒኗ ምን ትሠራለች?

ይህን ካወቅሽ የቀረው ደረጃ ሁሉ ምክንያቱ ይገባሻል። በፖስት ፒል ውስጥ ያለው ሌቮኖርጀስትረል የሚባል ሆርሞን ነው። ሥራው እንቁላል ከማምረቻዋ እንዳትወጣ ማዘግየት ነው። የወንድ ዘር በሴት አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። እንቁላል ግን ከወጣች በኋላ ዕድሜዋ ቢበዛ 1 ቀን ገደማ ነው። ኪኒኗ እንቁላሏን ታስጠብቃለች፣ ዘሩም ሲጠብቅ ሲጠብቅ ያልቃል። እንቁላሏ ቀድማ ከወጣች ግን የሚዘገይ ነገር የለም፤ ኪኒኗም ምንም አትፈይድም። ሰዓት፣ ሰዓት የምለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጽንስ አታስወርድም። ቀድሞ የተረገዘም ካለ አትጎዳውም። የምትሠራውም ላለፈው ግንኙነት እንጂ ነገ ማታ ለሚሆነው አይደለም።

የሚያስፈልጉሽ ነገሮች

- ኪኒኗ፦ 1.5 ሚሊግራም የሆነች አንድ ፍሬ፣ ወይም እያንዳንዳቸው 0.75 ሚሊግራም የሆኑ ሁለት ፍሬ
- ውሃና ቀለል ያለ የሚቀመስ ነገር፣ ብስኩትም ሆነ ቁራሽ ዳቦ
- ስልክሽ፣ ሰዓትና ቀን ለመመዝገብ
- የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበት ቀን
- የምትወስጃቸው መድኃኒቶች ስም (ካላወቅሽው ማሸጊያውን ፎቶ አንሺ)
- ኮንዶም
- የእርግዝና መመርመሪያ ስትሪፕ፦ ዛሬ ብትገዢውም የምትጠቀሚበት ከ3 ሳምንት በኋላ ነው

1. ሰዓቱን ጻፊ

መጀመሪያ ስልክሽን አውጪና ግንኙነቱ የተፈጸመበትን ቀንና ሰዓት ጻፊ። ከዚያ 72 ሰዓት ቁጠሪ። ቀጥለሽ 120 ሰዓት ቁጠሪ።

ምሳሌ ልስጥሽ። ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ፣ 72 ሰዓት የሚሞላው ማክሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። 120 የሚሞላው ሐሙስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እኩለ ሌሊት ካለፈ ነው። እኛ "ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት" የምንለውን ስልክሽ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ እሑድ 2 ሰዓት ብሎ ነው የሚይዘው። ስልኩ 72 ሰዓት ሲቆጥር ረቡዕ 2 ሰዓት ይልሻል። እሱ በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። "ረቡዕ" የሚለውን ብቻ አይታ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የመጣች ልጅ አጋጥማኛለች። ግማሽ ቀን አልፏት ነበር።

72 ሰዓት የመጨረሻ ቀጠሮ ነው ብለሽ ግን አትተኚበት። ዛሬ መዋጥ ከነገ ይሻላል፣ ጠዋት መዋጥ ከማታ ይሻላል። 72 ካለፈም ሁሉም ነገር አበቃ ማለት አይደለም። እስከ 120 ሰዓት መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን አቅሟ እየደከመ ይሄዳል። ያኔ ደረጃ 4ን ሳታነቢ አትግዢ።

"ውጭ ነው የጨረሰው፣ ያስፈልገኛል?" የሚሉኝም አሉ። አዎ፣ መውሰዱ ይሻላል። ሰው ሁሌ በሰዓቱ አይወጣም፤ በሰዓቱ ወጣሁ የሚለውም ሁሌ ልክ አይደለም። ኮንዶም ከተቀደደ ወይም ከወለቀ፣ የምትውጪውን መደበኛ ኪኒን 3 ቀንና ከዚያ በላይ ከዘለልሽ፣ የሦስት ወር መርፌሽ ከቀጠሮው ከ4 ሳምንት በላይ ካለፈም ያስፈልግሻል። ክንድሽ ላይ የተቀበረ ኢምፕላንት ካለና ጊዜው ካላለፈ ግን ገንዘብሽን አታባክኚ።

2. ፈቅደሽ ነበር?

ይህን ጥያቄ ቆጣሪዬ ላይ ጮክ ብዬ አልጠይቅም፤ እዚህ ግን እጠይቅሻለሁ። ፈቅደሽ ካልሆነ፣ ወይም "እምቢ" ብለሽ ተገደሽ ከሆነ፣ ወይም ሰክረሽ ምን እንደሆነ የማታውቂው ከሆነ፣ ኪኒን ብቻ ገዝተሽ ወደ ቤት አትግቢ። ያደረገው ጓደኛሽ ቢሆንም፣ እጮኛሽም ቢሆን ያው ነው።

ሆስፒታል ሂጂ። ብዙ ከተሞች ውስጥ ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የሕግ ጉዳዩን በአንድ ቦታ የሚይዝ ማዕከል ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል አንዱ ነው። ከቻልሽ ሳትታጠቢ ሂጂ። የለበስሽውን ልብስ ሳታጥቢ በወረቀት ከረጢት ያዢው፤ ፌስታል ያሻግተዋል። የሚታመን ሰው አስከትዪ።

ኤችአይቪ እንዳይይዝሽ የሚሰጥ መከላከያ መድኃኒትም አለ። ለ28 ቀን ይወሰዳል፤ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ይህ መድኃኒት ለተገደደች ብቻ አይደለም። ፈቅደሽ ሆኖ ኮንዶም ከተቀደደና የጓደኛሽን ሁኔታ የማታውቂ ከሆነም ጤና ጣቢያ ሄደሽ ጠይቂ። ፖስት ፒል ከኤችአይቪም፣ ከቂጥኝም፣ ከጨብጥም አትከላከልም።

3. የምትወስጃቸውን መድኃኒቶችና ክብደትሽን ንገሪኝ

አንዳንድ መድኃኒቶች የፖስት ፒልን ሆርሞን ጉበት ውስጥ በፍጥነት ያቃጥሉታል። ኪኒኗን በደንብ ውጠሽ፣ በሰዓቱ ውጠሽ፣ ሳትሠራልሽ ትቀራለች። ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- ሪፋምፒሲን (የቲቢ ሕክምና ላይ ያለሽ ከሆነ)
- ኢፋቪሬንዝ (የቆየ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት፤ ዶሉቴግራቪር የሚወስዱ ይህ ችግር የለባቸውም)
- ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን (የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች)

ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ያቆምሻቸውም ይቆጠራሉ። ከነዚህ አንዱን የምትወስጂ ከሆነ ለፋርማሲስቱ ወይም ለነርሷ ተናገሪ። መጠኑ እጥፍ ሊደረግልሽ ይችላል፣ ወይም ወደ ሉፕ (ባለሙያ ማኅፀን ውስጥ የሚያስቀምጠው መከላከያ) ትላኪያለሽ። በራስሽ ግን አትደርቢ። አሞክሳሲሊን ግን ምንም አያደርጋትም፤ ለጉሮሮ የታዘዘልሽን አትተዪ።

ክብደትም ያገባዋል። ቁመትሽ 1.60 ሜትር ሆኖ 77 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆንሽ ኪኒኗ አቅሟ ሊቀንስ ይችላል። አትዋጪ ማለቴ አይደለም። ሉፕን ከሌላው ሰው በላይ አስቢበት ማለቴ ነው።

4. ሉፕን ሳታስቢ አትለፊው

ብዙ ልጆች ይህን አያውቁም። የመዳብ ሉፕ ግንኙነት ከተፈጸመ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ፣ እንደ ድንገተኛ መከላከያ ከ99 በመቶ በላይ ይሠራል። ከፖስት ፒል ይበልጣል። ክብደትሽም፣ የቲቢ መድኃኒትሽም አይገዱትም። አንዴ ከገባ ደግሞ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ በፈለግሽበት ቀን ይወጣል።

"ያልወለደች አይገባላትም" የሚባለው ስህተት ነው። የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት የሚሰጡት በነፃ ነው፤ ሉፕም እዚያ ውስጥ ነው። ሲገባ ቁርጠት አለው፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት የወር አበባ ሊበዛ ይችላል። ሁሉም ጤና ጣቢያ በየቀኑ የሚያስገባ ባለሙያ አይኖረውም። ስለዚህ ቀኑ ከማለቁ በፊት ደውዪ ወይም ሂጂ። ያ ካልተመቸሽ ግን ሉፕ እየፈለግሽ ኪኒኗን አታሳልፊ፤ ኪኒኗን ዋጪ።

5. ፓኬቷን እዪ

ሁለት ነገር ብቻ።

የማብቂያ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የተጻፈው። በእኛ 2018 ማለት በፈረንጆቹ እንደ ወሩ 2025 ወይም 2026 ነው። ፓኬቱ ላይ 2025 አይቶ "ኧረ ገና 7 ዓመት አላት" ያለኝ ልጅ ቀልዱን አልነበረም። ጓደኛ ከቦርሳዋ አውጥታ የሰጠችሽን ከሆነ በተለይ ይህን እዪ።

ሁለተኛው የፍሬው ቁጥር ነው። አንዳንዱ ፓኬት አንድ ፍሬ ነው፣ 1.5 ሚሊግራም። አንዳንዱ ሁለት ፍሬ ነው፣ እያንዳንዱ 0.75። ሁለት ፍሬ ያለውን ከጓደኛሽ ጋር አትካፈዪ። ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ የሚሆን ነው።

6. ዋጪ

መድኃኒት ቤቱ በር ላይም ቢሆን ዋጪ። "ቤት ደርሼ፣ እራት በልቼ" ሲባል ነው ሰዓት የሚሄደው።

አንድ ፍሬ ከሆነ በውሃ መዋጥ ነው። ሁለት ፍሬ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ዋጪ። የቆዩ ወረቀቶች "አንዱን አሁን፣ ሌላውን ከ12 ሰዓት በኋላ" ይላሉ። አንድ ላይ መዋጡ እኩል ይሠራል፤ ሁለተኛዋን ከመርሳትም ያድንሻል። ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥቶ ኪኒን የሚውጥ ሰው ብዙ አላየሁም።

ባዶ ሆድ ላይም ትሠራለች። ሆድሽ ቶሎ የሚረበሽ ከሆነ ግን ትንሽ ነገር ቅመሺ። ጾም ላይ ከሆንሽ እስከ 9 ሰዓት አታቆዪያት። ጡት የምታጠቢም ከሆነ መውሰድ ትችያለሽ።

የዋጥሽበትን ሰዓትም ጻፊ። ለቀጣዩ ደረጃ ያስፈልግሻል።

7. ካስመለሰሽ

ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የጡት ማመም ሊኖር ይችላል። በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ጉዳዩ ማስመለስ ነው። ኪኒኗ ወደ ደም ለመግባት ጊዜ ትፈልጋለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ድገሚ ይላል። ከአንዳንድ ፓኬት ጋር የሚመጣው ወረቀት 3 ሰዓት ይላል። እኔ ለደንበኞቼ 3 እላለሁ፤ አንድ ፓኬት ደግሞ መግዛት ከጥርጣሬ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ካስመለሰሽ አትጨነቂ፣ ገብታለች።

ስትደግሚ የማቅለሽለሽ መከላከያ ቀድመሽ መውሰድ ትችያለሽ፤ ፋርማሲስቱን ጠይቂ። በዚያን ቀን መጠጥ አትጠጪ። መጠጡ ኪኒኗን አያበላሻትም፤ ግን የሚያስመልስሽ እሱ ሊሆን ይችላል።

8. ከዛሬ ጀምሮ ኮንዶም

እንቁላሏ ዘገየች እንጂ አልቀረችም። ሊሆን የሚችለው በሚቀጥለው ሳምንት መውጣቷ ነው። ስለዚህ ኪኒን ከዋጥሽ በኋላ ያለ መከላከያ የሚደረግ ግንኙነት ከበፊቱ የበለጠ አደገኛ ሊሆን ይችላል። "ዛሬ ውጫለሁ፣ ይህን ሳምንት ነፃ ነኝ" የሚለው ሐሳብ ብዙ ልጆችን በ3 ሳምንት ውስጥ መልሶ እኔ ዘንድ አምጥቷል፤ በዚያኛው ዙር የሚጠይቁኝ ግን ስትሪፕ ነው።

ኮንዶም፣ ሕይወት ትረስትም ይሁን ሴንሴሽን ወይም ሌላ፣ ቀኑ ያላለፈ ይሁን። በጥርስ አትክፈቱት። ጫፉን በሁለት ጣት ቆንጥጦ አየሩን ማስወጣት፣ ከዚያ ማልበስ። ሲወጣ ሥሩን ይዞ መውጣት። ቫዝሊንም ሆነ የቅባት ዘይት አትቀቡት፤ ላቴክሱን በደቂቃዎች ውስጥ ያደክመዋል። ሁለት ደርቦ ማድረግም እርስ በርስ ያፋጨዋል።

9. የወር አበባሽን ጠብቂ፣ ግን በቁጥር

በዚህ ደረጃ የሚፈጠረው ጭንቀት ከሁሉም ይበልጣል። ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ከዋጥሽ በኋላ ባሉት ቀናት ትንሽ ደም ልታዪ ትችያለሽ። እሱ የወር አበባ አይደለም። "መጣልኝ" ብለሽ አትዝጊው። እውነተኛው የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ በሚጠበቅበት ሳምንት ውስጥ ይመጣል፤ እስከ 7 ቀን ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ከኪኒኗ ነው።

ከ7 ቀን በላይ ከዘገየ፣ ወይም በጣም ትንሽ ሆኖ ከመጣ፣ ስትሪፕ ተጠቀሚ። የወር አበባሽ ድሮም የተዘበራረቀ ከሆነ ደግሞ ከግንኙነቱ በኋላ 21 ቀን ቆጥረሽ ተመርመሪ። በ5ኛው ቀን፣ በ8ኛው ቀን ስትሪፕ የሚገዙ አሉ። በዚያን ጊዜ እርግዝና ቢኖርም ስትሪፕ ሊያየው አይችልም። አንድ መስመር አይተሽ ተረጋግተሽ ትተኚና ኋላ ሌላ ነገር ይጠብቅሻል።

ስትመረመሪ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሁን። ስትሪፑን ከምልክቱ በላይ አትንከሪው። ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ አንብቢው፤ ከሰዓታት በኋላ ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቶ የሚነበብ መስመር አይቆጠርም። ሁለተኛዋ መስመር ደብዘዝ ብትልም መስመር ናት፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽ አረጋግጪ።

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ ሌቮኖርጀስትረል ከወሰዱ 100 ሴቶች ውስጥ 1 ወይም 2 ያህሉ ያረግዛሉ። ስለዚህ ይህ ደረጃ የሚዘለል አይደለም።

10. መደበኛ መከላከያ ምረጪ

በወር ሁለቴ ሦስቴ ፖስት ፒል የምትገዛ ደንበኛ አለችኝ። አትሞትም፣ መካንም አትሆንም። ነገር ግን የወር አበባዋ ተዘበራርቋል፣ ሁሌ ትጨነቃለች፣ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ገንዘብ አውጥታለች። መደበኛው ሁሉ ከዚህ ይሻላታል። ምርጫዎቹን ባጭሩ፦

- የሦስት ወር መርፌ (ዲፖ)፦ በየ3 ወሩ መሄድ ትችያለሽ? ቀጠሮ የምትረሺ ከሆነ ይቅርብሽ። ካቆምሽው በኋላ ለመፀነስ ወራት ሊወስድ ይችላል።
- ክንድ ላይ የሚቀበር፦ እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት። ካወጣሽው ወዲያው መፀነስ ትችያለሽ። የሚረሳ ነገር የለውም፤ ለተማሪ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።
- የየቀኑ ኪኒን፦ ስልክሽ ደወል ካለውና ከቤተሰብ የምትደብቂበት ቦታ ካለሽ።
- ሉፕ፦ ደረጃ 4 ላይ ተናግሬያለሁ።

ፖስት ፒል በዋጥሽበት ቀን መርፌውንም፣ ኢምፕላንቱንም፣ ኪኒኑንም መጀመር ይቻላል። የወር አበባ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። ሥራ እስኪጀምር ግን 7 ቀን ኮንዶም ተጠቀሚ፤ በ3ኛው ሳምንት ስትሪፑን አትርሺ።

"ጤና ጣቢያ ብሄድ አግብተሻል ወይ ይሉኛል" የሚል ፍርሃት አለ። አንዳንዴ ይሉሻል። መልስሽ "የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ፈልጌ ነው" ይሁን። ካርድ ክፍል በር ላይ ቆሞ ታሪክሽን መዘርዘር አይጠበቅብሽም። አንዷ ሲስተር ፊቷን ካጠቆረችብሽ ሌላዋን ጠይቂ ወይም የቤተሰብ መምሪያ ማህበር ክሊኒክ ሂጂ።

11. አብራችሁ ተመርመሩ

ብዙ ጥንድ የሚመረመረው ሠርግ ሲደርስ፣ ቤተ ክርስቲያን ወረቀት ስትጠይቅ ነው። ግንኙነት የጀመራችሁት ከዓመት በፊት ከሆነ ያ ወረቀት ዘግይቷል።

የኤችአይቪ ምርመራ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነፃ ነው። ዛሬ ነጌቲቭ ማለት ግን ትናንት ማታ አልያዘሽም ማለት አይደለም። በጣት ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ኢንፌክሽኑን በእርግጠኝነት ለማየት እስከ 3 ወር ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ አንዴ፣ ከ3 ወር በኋላ ደግማችሁ። በዚያው የቂጥኝና የጉበት ቢ ምርመራ ጠይቁ፤ የጉበት ቢ ክትባት አለው። ፈሳሽ፣ ቁስል፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ካለ ሁለታችሁም ትታከማላችሁ። አንዱ ብቻ ከታከመ ሌላው መልሶ ይሰጠዋል።

እንዴት ትጀምሪለታለሽ? "አላምንህም" በሚል አትጀምሪ። "እኔ ሐሙስ ልመረመር ነው፣ አብረን እንሂድ" በይው። እሺ ካላለ ምክንያቱን ጠይቂው፤ መልሱ ስለ ሰውየው ብዙ ይነግርሻል።

ላንተ

ማዶ አታቁማት። አብራችሁ ግቡ፣ ወይም ቢያንስ ስልኳን ክፍት አድርጋ ትጠብቅ፤ የምጠይቀውን እሷ ትመልስልኝ። ሰዓቱን፣ የወር አበባዋን ቀንና መድኃኒቶቿን ሳታውቅ አትምጣ። ስትሪፑንም አብረህ ግዛ። በ3ኛው ሳምንት ደውለህ "መጣልሽ?" ብቻ አትበላት፣ አብረሃት ሁን።

ኮንዶምህን ኪስ ቦርሳህ ውስጥ ወር ሙሉ አትያዝ። ሙቀትና መታጠፍ ያደክመዋል። አጋማሽ ላይ "አይመቸኝም" ብሎ ማውለቅ፣ በተለይ ሳትነግራት፣ ስህተት ሳይሆን በደል ነው።

የተለመዱ ስህተቶች

- ቀድሞ መዋጥ። "ማታ ልንገናኝ ነው፣ አሁን ልዋጣት" የሚሉ አሉ። ኪኒኗ ለዚያ አልተሠራችም።
- ለእርግጠኝነት ሁለት ፓኬት መዋጥ። ማቅለሽለሹን እንጂ ጥቅሙን አያበዛም።
- ከግንኙነት በኋላ በሎሚ፣ በኮካ ወይም በጨው ውሃ መታጠብ። ዘሩ በደቂቃዎች ውስጥ አልፏል፤ የሚቀርልሽ ቁስለት ነው።
- "ቀኔ አይደለም" ብሎ መተው። ጭንቀት፣ ፈተና፣ ሕመም ቀኑን ያዛቡታል።
- አንድ ፓኬት ለአንድ ሳምንት ግንኙነት ሁሉ ይበቃል ማለት።

ይህን ካየሽ መድኃኒት ቤት አትምጪ፣ ሆስፒታል ሂጂ

ኪኒኗን ከዋጥሽ በኋላ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ በሆድሽ ታችኛው ክፍል፣ በተለይ በአንድ ወገን፣ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ። ከሕመሙ ጋር ደም፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት ካለ ደግሞ ጠዋትን አትጠብቂ። ጽንሱ ከማኅፀን ውጭ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው። ሐኪሙ ሲጠይቅሽ ፖስት ፒል መዋጥሽን አትደብቂው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቆጣሪው ላይ ድምፅ ማውጣት ከከበደሽ ስልክሽ ላይ እንዲህ ብለሽ ጽፈሽ አሳዪኝ፦ "ፖስት ፒል። ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት። የወር አበባ ወሩ በገባ በ9። ሌላ መድኃኒት የለም።" ያቺ አንዲት መስመር ትበቃኛለች። ማንም አይሰማሽም፤ እማማም ግፊታቸውን እየጠየቁኝ ይቀጥላሉ።